በጆሮ የተነበበ ሰሌዳ

ልጅ ሳለን የቃል ትምህርት ያስተማሩን የኔታ ዓይናቸው የጠፋ ነበር። ውዳሴ ማርያሙንም ሆነ መልክአ ኢየሱሱን ሲያስጠኑን መጽሐፍ አይገልጡም፤ እኛም ማታ ማታ በጨለማ ተቀምጠን ከአፋቸው እንቀበል ነበር። እንዲህ ሆኖ ያደገ ጆሮ አንድ ጊዜ የሰማውን አይጥልም። በዚህ ስጦታ ስንመካ ኖረን፣ ባለፈው ዓመት ግን ለማይገባ ነገር አዋልነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ በፀዳ ከተማ መምህር ነን፤ ዕድሜያችንም 46 ነው። አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል አለችን፤ በእርሷም ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና እየተመላለስን እናታችንን ወደ ሐኪም፣ ልጆቻችንን ወደ ዘመድ እናደርሳለን። ከሦስት ዓመት በፊት በግራ ዓይናችን ግላኮማ የሚባለው ሕመም መኖሩ ተነግሮን፣ በየቀኑ የሚጨመር ጠብታ ታዞልን ነበር። ጠብታውን አንዳንድ ቀን እናደርገዋለን፣ አብዛኛውን ቀን እንረሳዋለን። ሕመሙ ሥቃይ ስለሌለው የዳንን ይመስለን ነበር። ጸበል መጠመቃችንንም ለመርሳታችን ማመካኛ በማድረጋችን የንስሐ አባታችን፣ ኋላ በሰሙ ጊዜ፣ እጅግ ተቆጥተውናል።

በአገራችን የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ የጤና ምርመራ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄድን፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በግድግዳው ላይ ባለ ሦስት እግር ምልክት ወደ አራቱም አቅጣጫ እየዞረ የተሣለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ተመርማሪው አንድ ዓይኑን ሸፍኖ የምልክቱ እግር ወዴት እንደ ዞረ «ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ» እያለ ይናገራል። ተራ ጠባቂዎች የምንቀመጠው ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከፊታችን አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አምስተኛው ሲጨርስ የታችኛውን መስመር እንደ ዳዊት በቃላችን ይዘነዋል።

በቀኝ ዓይናችን ያየነውን በእውነት ተናገርን፤ ምንም አልተሳሳትንም። ግራው ሲደርስ የላይኛው ትልቁ ምልክት በጢስ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ታየን፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ነበር። አፋችን ግን ሳይደናቀፍ «ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች» አለ። መርማሪው «መምህር፣ እርስዎስ ከወጣት ይበልጣሉ» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ። ምስጋናው ጣፈጠን፤ ይህን መሰወር አንሻም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ወደ ማታ ገደማ፣ ከትልቋ ልጃችን ጋር ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ከግራ በኩል ካለው መንገድ አንድ ልጅ አህያ እየነዳ ወጣ። እኛ ባዶ መንገድ ነበር የሚታየን። ልጃችን ጮኸች፤ ፍሬኑን ረገጥን፤ አህያዪቱ ዘለለች፤ ልጁም ከመኪናዪቱ አፍንጫ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ቀረ። በክፍላችን ውስጥ በፊተኛው ረድፍ የሚቀመጥ ተማሪያችን ነው። «እንደ ምን አመሹ፣ መምህር» አለን። ልጃችን ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «አባባ፣ አላዩትም እንዴ?» ስትል ጠየቀችን።

በማግሥቱ ጎንደር ወደሚገኝ የዓይን ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ሰሌዳውን ትተው ከፊታችን ተቀመጡ፤ አንድ ዓይናችንን አሸፍነው፣ አፍንጫቸውን እንድናይ አዘዙንና ጣታቸውን ከጎን እያመጡ «ሲታይዎ ይንገሩኝ» አሉን። ይህ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ቀጥሎም በመሣሪያ መረመሩን፦ መካከለኛውን ነጥብ እያየን፣ በዙሪያው ትንንሽ ብርሃን ብልጭ ሲል ቁልፍ እንጫናለን። በወጣው ወረቀት ላይ ግራው ዓይናችን ከሞላ ጎደል ጥቁር ሆኖ ተገኘ። የሚያስደነግጠው ግን ቀኙ ነበር፤ በሰሌዳው አንድም ያልሳተው ዓይን በአፍንጫ በኩል ያለውን ማየት ጀምሮ አቁሟል። ከግራ የሚመጣውን የሚያይልን ዓይን እንግዲህ አልነበረንም።

ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ ግላኮማ ብዙውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ካለው ግፊት የተነሣ ማየትን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ጅማት ይጎዳል። አስቀድሞ የሚበላው ጠርዙን ነው፤ መካከሉን እስከ መጨረሻው ሊተወው ይችላል። ሰሌዳው ደግሞ የሚለካው መካከሉን ብቻ ነው። የዚህን ዓይነት ሰሌዳ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1862 ያወጣው ስኔለን የተባለ የሆላንድ ሐኪም ሲሆን፣ 6/12 ማለት ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን በ6 ሜትር ብቻ መለየት ማለት ነው። በፈረንጆች 2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለአነስተኛ መኪና ነጂ ይህን ያህል በሁለቱም ዓይን ማየቱ ሳይበቃው፣ ወደ ጎን 120 ዲግሪ ስፋት ያለው እይታም ይጠይቃል።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ከታወሩት ወገኖች ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃው የዓይን ሞራ ነበር፤ የግላኮማ ድርሻ ከመቶ 5.2 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞራ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም፤ ጠብታው የሚጠብቀው የተረፈውን ብቻ ነው። ሕመሙ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ስለሆነ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን በግድ አስመርምረናል። አንዲቱ እኅታችን ሳታውቀው ጀምሯት ተገኘ፤ ከእኛ ይልቅ ቀድማ ደርሳለች።

ከዚያ በኋላ ማስረጃውን ይዘን ማኅተም ወዳሳረፈልን መርማሪ ተመለስንና ያደረግነውን ነገርነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየን። ከዚያም ተነሥቶ የተራ ጠባቂዎቹን አግዳሚ ወንበር ከክፍሉ ወደ ውጭ ማውጣት ጀመረ፤ እኛም በአንደኛው ጫፍ ይዘን አገዝነው።

ጠብታውን አሁን ባለቤታችን ከማታ ጸሎት በኋላ ታደርግልናለች። መኪናዪቱን የወንድማችን ልጅ ይነዳታል። እኛ ከጎኑ ተቀምጠን «አህያ! አህያ!» እንላለን፤ እርሱ ግን አስቀድሞ አይቶታል።