ከዓባይ ወዲህ

ክረምቱ እንደ ልማዱ መጣ፣ እንደ ልማዱም ሄደ፤ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። ሰኔ ላይ አዲስ አበባን አረስርሶ፣ ሐምሌን በጎጃም ማሳ ላይ ከርሞ፣ ነሐሴ ላይ ዓባይን አደፍርሶ ወጣ። እኔ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነኝ፣ እምዬ። አንቺ ደብረ ማርቆስ ነሽ። በመካከላችን ያለው ባሕር አይደለም፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው።

ያ መንገድ እንዴት ያለ መንገድ ነበር! ጎህ ሳይቀድ ከመናኸሪያ ተነሥተን፣ በሙከጡሪ፣ በገብረ ጉራቻ አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ወሬው ሁሉ ይቆማል። ቁልቁለቱ ይጀምራል። የደጋው ብርድ ከላይ ይቀርና ጋቢው ይወልቃል፤ ሽማግሌዎቹ ያማትባሉ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን፣ ሞተሩ እያቃሰተ ደጀን ስንወጣ፣ የጤፉ አረንጓዴ ዓይን ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ርቀት የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቤቴ ነው።

ዛሬ መናኸሪያ ስሄድ የምጠይቀው ታሪፍ አይደለም፤ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ነው። አንዱ «ትናንት አልፈዋል» ይለኛል። ሌላው «አግተዋል አሉ» ይለኛል። ረዳቱ ዝም ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ ጎጃም ውስጥ ውጊያ ከገባ ጀምሮ፣ አገር በኪሎ ሜትር መለካቱ ቀረ።

አንተ ዓባይ! ከጣና ወጥተህ ጎጃምን ዞረህ ሱዳን ስትወርድ፣ ማን ኬላ ላይ አቁሞ መታወቂያህን ጠየቀህ? ደለሉን ተሸክመህ ታልፋለህ። እኔ ለእናቴ የገዛሁትን ነጠላ ተሸክሜ አላልፍም።

ስልኩ ሲሠራ ድምፅሽን እሰማለሁ። «ደኅና ነን» ትያለሽ። ስለ ተኩሱ አትነግሪኝም። የጎረቤት ልጃገረዶች በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ ነቅለው እንደ መጡ፣ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው ከምሰሶው እንዳሰሩልሽ ትነግሪኛለሽ። ጠላው እንደ ተጠመቀ፣ የባቄላው እሸት እንደ ደረሰ ትነግሪኛለሽ። ዶሮውን ግን ለማን እንደ ሠራሽው አልጠይቅሽም።

ድሮ «መቼ ነው የምትመጣ?» እያልሽ ነበር የምታስጨንቂኝ። ዛሬ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ልጄ፣ እንዳትመጣ» ትይኛለሽ። ወይ አንጀቴ! ብርዱን ችያለሁ፣ ናፍቆቱንም ለምጃለሁ። እናት ልጇን ከደጃፏ የምትከለክልበት ዘመን ግን አልለመድ አለኝ። መስከረም ጠብቶ፣ አደዩ ፈንድቶ፣ ደመራው ተደምሮ፣ ቤት ያለው ሰው ቤቱ አይገባም።

ጠመንጃ የያዛችሁ፣ በየትኛውም ወገን የቆማችሁ ሆይ! የእናንተም እናት አንድ ቦታ ሆና «ልጄ፣ እንዳትመጣ» እያለች ነው። ተነጋገሩ። መንገዱን ክፈቱልን።