ኢትዮጵያ መንገድ፣ ኢየሩሳሌም

ኢየሩሳሌም ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል መንገድ አለ። ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ስለሆነ መኪና ሲመጣ እግረኛ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከአጥሩ ጀርባ ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ የተፈጸመ ነው። መነኩሲቷ የፒያኖ ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እዚያ ገዳም አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ከፒያኗቸው ጋር ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጥተው፣ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው እዚሁ ከተማ ዐረፉ።

እኔ ሚዛን ተፈሪ ያደግሁ ነኝ፤ እዚህ የመጣሁትም እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። እንጀራዬ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ነው። ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የያፎ መንገድ ባቡር ለሰንበት ይቆማል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ አገሬው ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ይቀርባል። ዘመድ ለሌለው ሰው ያ ምሽት አያልቅም። እኛ የደቡብ ምዕራብ ልጆች የዚያን ዕለት ተሰብስበን ቡና እናፈላለን፤ ከቦንጋ አንድ፣ ከቴፒ አንዲት፣ ከሚዛን እኔ። ጥሬው ቡና በፋሲካ ተሳላሚዎች እጅ ነው የሚደርሰን። ለቀማ ላይ ያደገ ሰው ገና ሲያጥበው ያውቀዋል፤ በጀንፈሉ ደርቆ የተፈለፈለ ይሁን ታጥቦ አልጋ ላይ የደረቀ፣ የገለባው ቀለም ይናገራል። ኮረሪማ ካለ ጠብ እናደርግበታለን።

አንድ ዓርብ በስልክ የእማሆይን ፒያኖ ከፈትኩ። ቀኝ እጅ አንድ ድምፅ ላይ ይደርስና አይቆምበትም፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይመለስበታል፣ እንደ ማኅሌት ዜማ ያዞረዋል። ግራ እጅ ከሥር በዝግታ ይሄዳል፣ ምት የሚቆጥርም አይመስልም። የቴፒዋ ልጅ ስኒዎቹን እያለቀለቀች ጆሮዋን ሰጠችና «እንደ ቶም ነውኮ፤ ጣቱ በዛ እንጂ» አለች። ቶም በጋምቤላ በኩል አኝዋኮች በአውራ ጣታቸው የሚጫወቱት ባለ ምላስ የእንጨት ሳጥን ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ካነበብኩት ትችት ሁሉ የእሷ አስተያየት ይበልጥብኛል።

እማሆይን ብዙ ሰው «ፒያኖ የሚጫወቱ መነኩሲት» ብሎ ያልፋቸዋል። ይህ አይበቃም። እሳቸው ለኮንሰርት መድረክ የተዘጋጁ ባለሙያ ነበሩ። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ካይሮ ሄደው ፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት! የእኔ ፈረቃ ከዚያ አይበልጥም፤ ስወጣ ጣቶቼ አይታጠፉም።

ቀጥሎ ለንደን ሄደው የመማር ዕድል ተገኘ፤ የመውጫ ፈቃዱ ግን ተከለከለ። ምግብ አልበላም ብለው ሰውነታቸው እስኪዝል ቆዩ፤ ቆርበው ከተነሡ በኋላ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ። በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፣ በባዶ እግራቸው ዓመታትን አሳለፉ። ይህን ክልከላ «ለበጎ ሆነ» የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም፤ አንዲት ወጣት የደከመችበት በር ተዘግቶባታል። በጎውን የሠራው የእሳቸው ብርታት ነው። ከግሸን በኋላ ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በልመና እየበሉ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን ሰጡ፤ በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙት ሸክላ ለችግረኛ ልጆች እርዳታ ነበር። አውሮፓ ሰምቶ የተደነቀው ሙዚቃቸው በ2006 የኤትዮፒክ የሲዲ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሆኖ ሲወጣ ነው።

በዚህ የሙዚቃ መንገድ የሄዱ ሌሎችም አሉን። አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን መሠረቱ፤ ግርማ ይፍራሸዋ ሶፊያ ተምሮ ሾፐንንም የራሱን ድርሰትም በአንድ መድረክ ይጫወታል። ግን ያሬድ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ከሚዛን የሚመጣ ልጅ ለፈተናው የሚያዘጋጀው ሰው ከየት ያገኛል? እኔ በልጅነቴ ያየሁት ቁልፍ ያለው መሣሪያ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለት ሦስት የመዝሙር ኮርድ እንጂ ሌላ አይጠየቅም ነበር።

የእማሆይ ድርሰቶች ኖታ ግን አልጠፋም። እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒየትስ ከእሳቸው ጋር ሆና አሰባስባ በ2013 በመጽሐፍ እንዲታተም አድርጋለች። ስለዚህ ለፋሲካም ሆነ ለመስቀል ወደ ሚዛን፣ ቴፒ ወይም ቦንጋ የምትገቡ ወገኖቼ፣ ከምትሸከሙት ጫማና ስልክ ጋር አንድ የኖታ መጽሐፍና፣ አቅም ካላችሁ፣ 88 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ጨምሩ። ለአንድ የሙዚቃ መምህር ስጡትና ልጆቹን ያስጀምራቸው።