የአያቴ ማረሻዎች

አንባቢዬ ሆይ፤ መንዝን አይተህ እንደሆነ አገሩ ብርድ፥ መሬቱም ብዙው ድንጋያማ መሆኑን ታውቃለህ። ከፍታው በብዙ ስፍራ 3,000 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ መሬት ማረሻ ቶሎ ይዶለዱማል፤ የዶለዶመ ማረሻም በሬውን ያደክማል እንጂ አፈሩን አይሰነጥቅም። ስለዚህ ገበሬው በበልግም በመኸርም ከማረሱ በፊት ወደ ብረት ሠሪ ቤት መሄዱ ግድ ነው። አያቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ሥራ የኖሩ ሰው ነበሩ።

እኔ ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፍ እያፈራረቅሁ እነፋለሁ፤ እሳቸው የጋለውን ብረት በጉጠት ይዘው ከመስፉ ላይ ያሳርፉታል። ብረት ከመጠን አልፎ ሲነጣ ይቃጠላል፥ ቀዝቅዞ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ልኩን ከቀለሙ ያውቁት ነበር። መኪና በአገሩ ከታየ ወዲህ ያረጀ ባሌስትራ እየገዙ ይሠሩ ጀመር። ማረሻውን ጨርሰው ሲያንኳኩት ድምፁ ካላማራቸው እንደ ገና ወደ እሳት ይመልሱታል። ባለቤቱ «ይበቃል አባባ፥ መሸ» ቢላቸው፥ «የምታርሰው አንተ ነህ፤ ሲሰበር ግን የሚሰበረው የእኔ ስም ነው» ይሉት ነበር። ዋጋቸው በመከር ጊዜ በቁና የሚሰፈር ገብስ ነበር።

እንዲህም ሆኖ ባለ እጅ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ መስደብ፥ ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ማዋረድ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለዋል። አያቴ የተወለዱት ከዐዋጁ በኋላ ነው፤ ጆሯቸው ግን ከዐዋጁ ይልቅ ስድቡን ደጋግሞ ሰምቷል። በደጃችን የምታልፍ እናት ቡዳ ይበላብኛል ብላ ሕፃንዋን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ማረሻውን አሠርቶ የተቀዳለትን ጠላ «ጾሜን አልፈታሁም» ብሎ የሚተው ጎረቤትም ነበረን፤ ያ ጾም ዓመቱን ሙሉ አይፈታም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ እኩል መሆኑን ሲያስተምሩኝ የማስበው ይህን ጎረቤት ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የበረታው ረኀብ ወደ ሰሜን ሸዋም ገባ። እኔ ያን ጊዜ አዲስ መምህር ነበርሁና ለዕረፍት ወደ አያቴ ዘንድ ወረድሁ። ወናፉ ቀዝቅዟል። ገበሬው ግን ማረሻውን ይዞ ይመጣል፤ ሊያሠራ ሳይሆን ሊሸጥ። በሬው የሞተበት ሰው ብረት ምን ያደርግለታል? ሌላ ሰው ቢሆን ርካሽ ብረት አገኘሁ ብሎ ደስ ባለው። አያቴ ለእያንዳንዱ ከጎታቸው አንድ አንድ ቁና ገብስ ሰፍረው ሰጡ፤ ከማረሻዎቹ ግን አንዱንም ከእሳት አላገቡም። ሁሉንም ከግድግዳው ማገር ላይ በተራ ሰቀሏቸው፤ እኔ 23 ቈጠርሁ። ፊደል ባይለዩም የማን ማረሻ የቱ እንደሆነ አንድም አይሳሳቱ፤ የገዛ እጃቸው ሥራ ነውና።

ሴት አያቴ «እኛስ ምን ልንበላ ነው?» ቢሏቸው፥ «ይህ ሁሉ ሰው ያለ ማረሻ ከቀረ ለከርሞ ማን ይሰፍርልናል?» አሉ። የነጋዴ መልስ ይመስላል። እኔ እንደማውቃቸው ግን ርኅራኄያቸው እንዳይታይባቸው የሸፈኑበት ነው፤ ጎታው በዚያ ወር ተራቁቷልና።

ዝናብ በተመለሰ ጊዜ ሰዎቹ አንድ በአንድ መጡ። አያቴም እያንዳንዱን ማረሻ አግለው፥ ጫፉን አሹለው ለባለቤቱ መለሱ፤ ያችን ቁና ገብስ ሲደርስልህ ትከፍላለህ ከማለት በቀር ወለድ አላሰቡም። ያ ጾመኛ ጎረቤታችንም መጥቶ የእርሱን ወሰደ። ጠላ ቢቀዱለት ያን ቀንም ጾመኛ ነበር።

አንዲት ማረሻ ብቻ ጠያቂ አጣች። ባለቤትዋ በሠፈራ ወደ ምዕራብ ከተወሰዱት አንዱ ነበር። አያቴ እስከ ሞቱበት ዓመት ድረስ ክረምት ሊገባ ሲል ከማገሩ ያወርዷታል፤ ዝገት እንዳይበላት ሞራ ይቀቧትና ወደ ቦታዋ ይመልሷት ነበር።