ቤቱን ማን አየው?

ድሮ አሮጌ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ከመንገዱ ማዶ ይቆም ነበር። ከዚያ ሆኖ የጣሪያውን አናት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል። መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ይገባል፤ መሐሉ ላይ ከሰረጎደ አብሮት ወደመጣው አናጢ ዞር ይላል። ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ እኔ ባደግኩበት በጉለሌ፣ ቤት ያለ አናጢ አይታይም ነበር። ደላላው ዋጋ ያወራል፣ ሽማግሌዎቹ ሻጭና ገዢን ያቀራርባሉ፣ አናጢው ግን ዋጋው ውስጥ ሳይገባ ቤቱን ይዞራል።

በሰፈራችን ለዚህ ሥራ የሚጠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። እሳቸው ሲመጡ እኛ ልጆች ከኋላ ከኋላቸው እንከተላለን። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ቋሚው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በረዥም ምስማር ይወጉታል። የጭቃ ቤት ጉዳቱ የሚጀምረው ከሥር ነው። ከላይ ደረቅና ጠንካራ የሚመስለው ባህር ዛፍ አፈር ውስጥ የገባው ክፍሉ በስብሶ፣ ወይም ምስጥ በልቶት ሊሆን ይችላል። ምስማሩ እምቢ ሲላቸው ወደሚቀጥለው ቋሚ ያልፋሉ፤ ሳይታገል ሲገባ ግን ቆመው ሻጩን ያዩታል። ቋሚው ጥድ ሆኖ ሲያገኙት ፊታቸው ይፈታ ነበር፤ ጥድን ምስጥ እንደ ባህር ዛፍ አይደፍረውም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ያኔ ብዙው ኮርኒስ አቡጀዲ ነበርና የውሃ እድፍ እየፈለጉ ከጥግ እስከ ጥግ ያዩታል። ኮርኒስ በሌለው ጓዳ መስኮቱን አስዘግተው፣ መብራቱን አስጠፍተው፣ ቀና ብለው በቆርቆሮው ሽንቁር የሚገባውን ብርሃን ያያሉ። ወለሉ ጣውላ ከሆነ መሐሉ ላይ ቆመው በተረከዛቸው መታ መታ ያደርጉታል፤ ወጥተውም በድንጋዩ መሠረት ላይ ያሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች በአፈር መደፈን አለመደፈናቸውን ያረጋግጣሉ። አየር ያጣ ጣውላ ከሥሩ ይበሰብሳል። አዲስ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ደስ አያሰኛቸውም። «መቼ ነው የተቀባው?» ሻጩ «ለፋሲካ ነው አባቴ» ይላል። እሳቸው መልስ ሳይሰጡ ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው ድረስ ያለውን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ።

ስንጥቅ ላይ ግን ይዘገዩ ነበር። በምርጊቱ ላይ እንደ ክር የቀጠኑትን ስንጥቆች «ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» ብለው ያልፏቸዋል። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ቁልቁል የሚወርድ፣ ላይና ታቹ ስፋቱ የሚለያይ ስንጥቅ ሲያዩ ግን ወንበር ያስመጣሉ። በተለይ ወደ ቦሌ በኩል፣ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ብሎኬት ቤት እንዲያዩ ሲጠሩ፣ «አሁን በጋ ነው፣ በነሐሴ ደግሞ ልየው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል፤ ቤቱም አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። በአንድ ቀን የታየ ስንጥቅ ስፋቱን እንጂ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን አይናገርም።

በመጨረሻ ጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው። «በክረምት ውሃው በየት በኩል ይወርዳል?» ጉለሌ ከእንጦጦ ሥር ነውና ይህን ያልጠየቀ ሰው ቤቱን አላየም።

ፍርዳቸው አጭር ነበር። ያዩትን ሁሉ ለሁለት ይከፍሉታል። «ይኼ እርጅና ነው፣ ይኼ ሕመም ነው።» ለእርጅናው ዋጋ አስቀንሱ ይላሉ፤ ለሕመሙ ደግሞ ስንት ቋሚ እንደሚቀየር፣ ምን ያህል ቆርቆሮ እንደሚገዛ ለገዢው በጣታቸው ይቆጥሩለታል። ገዢው ከዚያ በኋላ የሚያስበው ቤቱን መውደድ አለመውደዱን ሳይሆን አቅሙን ነው።

ዛሬ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ካሬው ስንት ነው? ካርታው በማን ስም ነው? እዳና እገዳ አለበት? መንገድ ይነካዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ከተማው ራሱ አስተምሮናል። ወራሾች ያልተስማሙበት ቤት ተሽጦ ፍርድ ቤት ሲያመላልስ አይተናል፤ ከ1988ቱ የአየር ካርታ ጋር አልተገናኘም ተብሎ የተንጠለጠለ ይዞታ አይተናል፤ ለመንገድ ማስፋፊያና ለኮሪደር ልማት የፈረሱ ቤቶችንም አይተናል። ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንደሚገባ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከደነገገ ወዲህ ገዢ ይህንንም ማስላት አለበት። ፋይል የማያይ ገዢ ዛሬ የለም፤ መኖርም የለበትም።

የሚያሳዝነኝ ፋይሉ ከታየ በኋላ ቤቱን የሚያይ ሰው መጥፋቱ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 መሠረት፣ መሬት አይሸጥም። በውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው። እኛ ግን ሕጉ የሸጠልንን ትተን ያልሸጠልንን እንለካለን። ማስታወቂያው «ፈራሽ ቤት» ይላል፣ ገዢው በግቢው መሐል ቆሞ ወደፊት የሚሠራውን ፎቅ ያስባል፣ በሩን ከፍቶ ጓዳ ድረስ አይዘልቅም። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ከገመተ ደግሞ ቤቱ የተመረመረ ይመስለናል። እሱ የመጣው ባንኩ ለሚያበድረው ገንዘብ መያዣ የሚሆን ዋጋ ሊያወጣ እንጂ ምስጥ ሊፈልግ አይደለም።

የማውቀው አንድ ቤተሰብ እንዲህ ገዛ። ወዲያው አፍርሰው ሊሠሩ ነበር። የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ተወደደ፣ ፈቃዱም ዘገየ፣ እነሱም ልጆቻቸውን ይዘው ገቡበት። ሁለተኛው ክረምት ላይ የጓዳው ግድግዳ ወደ ውጭ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። የጎረቤት አሸንዳ ለዓመታት ውሃውን የሚያወርደው እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቃሉ፣ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ካርታው ምንም እንከን አልነበረበትም።

ለንደን ያለ ዘመዴ ደግሞ ሌላው ጫፍ ገጥሞታል። እንግሊዝ አገር አሮጌ ቤት የሚገዛ ጠንቃቃ ሰው በራሱ ወጪ ቻርተርድ ሰርቬየር የሚባል ቤት መርማሪ ባለሙያ ይልካል፤ እዚያም ቢሆን የአበዳሪው ባንክ ግምት ምርመራ ተብሎ አይቆጠርም። ሪፖርቱ እያንዳንዱን የቤቱን ክፍል በቁጥርና በቀለም ይመድባል፦ አረንጓዴው 1 ደህና፣ ብርቱካናማው 2 ጥገና የሚፈልግ ግን የማያስቸኩል፣ ቀዩ 3 ከባድ ወይም አስቸኳይ። ዘመዴ ቀዮቹን ሲቆጥር ሊተወው ነበር። ረጋ ብለን ስናነበው ከቀዮቹ ውስጥ የኤሌክትሪኩና የጋዙ ምክንያት የቅርብ ጊዜ የምርመራ ወረቀት አለመቅረቡ ብቻ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ምንም ቀለም ያልተሰጠው አንድ መስመር ነው፦ ከትልቁ ቁም ሣጥን ጀርባ ያለው ግድግዳ አልታየም ይላል። የለንደን ሸክላማ አፈርም እንደኛው ጥቁር አፈር ያብጣል፣ ይሸበሸባል፤ በ1976 እ.ኤ.አ. በነበረው ድርቅ ብዙ ቤት የተሰነጠቀው በዚሁ ነው። «ሻጩን አስፈቅድና ቁም ሣጥኑን አስነሳ» አልኩት። አስነሳ። ስንጥቅ አልነበረም፤ እርጥበት ነበር፣ በዋጋውም ላይ ተደራደረበት።

እንግዲህ አሮጌ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ፋይሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የግንባታ መሐንዲስና የጭቃ ቤት የሚያውቅ አንድ አናጢ ይዛችሁ ግቡ። ብትችሉ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናብ ባለበት ቀን ይሁን። ያዩትን በጽሑፍ ጠይቋቸው፤ አስቸኳዩን ለብቻ፣ የሚቆየውን ለብቻ፣ ማየት ያልቻሉትንም ለብቻ ይጻፉላችሁ። ነገ ልታፈርሱት ብታስቡም እንኳ ጠይቁ፤ እስከዚያ ድረስ የሚተኛበት ሰው አለ።