ከዴንቨር ሽቅብ

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው አይ-70 አውራ ጎዳና፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ተራራማ ክፍሉ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ የጎማ ሕግ አለበት፤ መኪናው ኦል ዊል ድራይቭ ቢሆን እንኳ የጎማው ጥርስ ወደ 5 ሚሊ ሜትር መሙላት አለበት። ይህን ያጫወተኝ ከኤርፖርት ወደ በረዶ መንሸራተቻዎቹ መንገደኛ የሚያመላልስ ያገሬ ልጅ ነው። የአይዘንሃወርን ዋሻ ትተን፣ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች በሚያልፉበት በላቭላንድ በኩል ወጣን። አናቱ 3,655 ሜትር ነው፤ ጣርማ በርን ቁልቁል ያያል።

መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ አሮጌ መኪና ተይዞ አገኘን። ቀኝ የፊት ጎማው ግግር በረዶ ላይ እያፏጨ ይሾራል፤ ግራው ደረቅ አስፋልት ረግጦ ንቅንቅ አይልም። ተራ ዲፈረንሻል እንዲህ ነው። ኩርባ ላይ የውጪው ጎማ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱን በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይለቃቸዋል፤ ጉልበቱን ግን እኩል ነው የሚያካፍለው። የሚንሸራተተው ጎማ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ኢምንት ጉልበት ይበቃዋል፤ ደረቁ ላይ ለቆመውም የሚደርሰው ያችው ኢምንት ናት። ኦል ዊል መኪና ሦስት ዲፈረንሻል ኖሮት ሦስቱም ተራ ከሆኑ፣ አንድ ጎማ ሲንሸራተት አራቱም ይሰንፋሉ። ኦዲ በ1980 እ.ኤ.አ. ኳትሮን ሲያወጣ መካከለኛውንና የኋላውን ሹፌሩ እንዲቆልፋቸው ያደረገው ለዚህ ነው።

የእኛ ሱባሩ ሌላ ዘዴ አለው። ልጁ ሆን ብሎ አንዱን ጎማ እዚያው ግግር ላይ አቆመና ነዳጅ ረገጠ። ጎማው ግማሽ ዙር ያህል ሾረ፤ ከወለሉ ሥር ጠጠር የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ መኪናው ወጣ። ድምፁ የፍሬን ነው። ኮምፒውተሩ የሚሾረውን ጎማ ብቻ ለይቶ በፍሬን ሲይዘው፣ ዲፈረንሻሉ ጎማው መሬት የያዘ ይመስለውና ለወዲያኛውም እኩል ያቀብላል። ብረት እንዲህ ሲታለል ማየት ደስ ይላል።

ቁልቁለቱ ላይ ልጁ ጨዋታ አቆመ። «ጋሼ፣ ኦል ዊል ለመነሳት ነው፤ ፍሬን ሲያዝማ ከኮሮላ በምን ይለያል?» አለኝ። እንዲያውም ሰውን የሚያደፋፍረው ያለ ችግር መነሳቱ ነው፤ መንገዱ ምን ያህል አዳላጭ እንደሆነ የሚታወቀው ለመቆም ሲሞከር ነው። እሱ ላስቲኩ በብርድ የማይደርቅ የበረዶ ጎማ ገዝቷል። ሲቀይርም አራቱን ባንዴ ነው። የሁለቱ ጥርስ ካለቀ ዙሪያቸው ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ ይዞራሉ፤ በደረቅ መንገድም የፊቱና የኋላው እየተጓተቱ ጉልበት የሚያከፋፍለውን ፍሪሲዮን ያግሉታል። አንድ ባልደረባው ሁለት ጎማ ብቻ ቀይሮ ካምቢዮ እስከ ማስወረድ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ የጥርስ መለኪያ ከመኪናው ኪስ አይጠፋም።