ከአሞራ ገደል ወደ ፎጎ

ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። የዓሣ ሾርባዬ በብርጭቆ ቀርቦልኛል፤ ሚጥሚጣ ነስንሼበት እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ልጆቹ ቆሮሶውን እየገፈፉ ሆድ ዕቃውን ወደ ኋላቸው ይወረውራሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ካፖርት የደረቡ የዕድር ዳኞች መስለው ከኋላ ቆመዋል፤ አይቸኩሉም፣ ቦታም አይለቁም። እኔ በደረሰኝ ጀርባ ላይ የጉዞ ሒሳብ እሠራለሁ።

መሄጃዬ ፎጎ ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ካሉት አሥሩ የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አንዱ።

ኬፕ ቨርዴን ያወቅኋት በኳስ ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ፣ በአፍሪካ ዋንጫው የመጀመሪያ ጨዋታችን፣ ገና በ12ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ አይተን 1 ለ 0 የተሸነፍነው በእነሱ ነው። አብረን የምናይበት ቤት ውስጥ አንዱ በንዴት፣ «ለመሆኑ ይቺ የት ያለች አገር ናት?» ሲል መልስ የሰጠው አልነበረም። እቤቴ ገብቼ ካርታ ዘረጋሁ። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ይሄን ለሰውዬው አልነገርኩትም፣ ቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ይሆናል ብዬ። ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ ኬፕ ቨርዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ ያው ሰው፣ «እኔ ድሮም ብያለሁ» አለ። ምን ብሎ እንደነበር እኛ እናውቃለን።

ካርታው ላይ ጣቴ ያረፈው ፎጎ ላይ ነበር። በፖርቱጋልኛ «እሳት» ማለት ነው። ደሴቱ ራሱ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ 2,829 ሜትር ይደርሳል። የገረመኝ ግን ከፍታው ሳይሆን ከጫፉ ሥር ባለው ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ ላይ፣ ማለት እዚያው ገሞራው አፍ ውስጥ፣ ሰዎች ቤት ሠርተው ወይን እየተከሉ መኖራቸው ነው።

ሕዳር 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ገሞራው ተነሣባቸው። እኛ በሕዳር ሚካኤል ቆሻሻችንን አቃጥለን ሰፈሩን አጥነን በጨረስን በሁለተኛው ቀን፣ እነሱ ዘንድ ምድር ራሷ ማጠን ጀመረች። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስም አላባራችም። የቀለጠው ድንጋይ ቀስ እያለ መጥቶ ፖርቴላንና ባንጋዬራን፣ ሁለቱን መንደሮች፣ ዋጣቸው። ቀስ ማለቱ በጀ፤ ሰዉ አልጋውን ብቻ ሳይሆን በሩንና መስኮቱን ሳይቀር ነቅሎ ወጣ። ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ብዙዎቹ ተመልሰው እላዩ ላይ ሠሩ።

ያ የበር ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣብኝ እኔ ምን እነቅላለሁ? በሩ የአከራዬ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። ከሀዋሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዳካር፣ ከዳካር ዋና ከተማቸው ፕራያ፣ ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን ወይም በመርከብ ፎጎ ላይ ያለችው ሳኦ ፊሊፔ። በሰዓት አራት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ እኔ ምሳ ስበላ እነሱ ከቁርስ አልተነሡም። የትኬቱን ድምር ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት።

ከባዱ ስጦታው ነው። በባዶ እጅ አይኬድም። የሲዳማ ቡና ልውሰድ ብዬ ነበር፤ ለካ ፎጎ ራሱ ሞስቴይሮስ በሚባለው በኩል በቡናው የታወቀ ነው። አንድ እንግዳ ይርጋለም ድረስ የፎጎ ቡና ተሸክሞ ቢመጣ አስተናጋጆቹ ምን እንደሚሉ ይታወቃል፤ በፊቱ አይሉም እንጂ። የሚያቃጥለው ዳታስ? ሻንጣ ውስጥ ከፈሰሰ ሌላ ፍንዳታ ነው። ዳቦ ቆሎ ላይ ረጋሁ።

«ጋሼ፣ በጠዋቱ የዕቁብ ሒሳብ ነው?» አለኝ የማውቀው ባለጀልባ ልጅ።

«ደሴት ልሄድ ነው።»

«ታዲያ ጀልባ እያለኝ! ጉማሬም አሳይዎታለሁ።»

ነገርኩት። ገሞራ አፍ ውስጥ ይኖራሉ ስለው ከልቡ አዘነላቸው። «ምን አስገደዳቸው? መሬት የላቸውም?»

«አንተስ የት ያለህ ይመስልሃል?»

ሀዋሳ ከነሐይቋ የተቀመጠችው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት በተደረመሰ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ባለሙያዎቹ ካልዴራ ይሉታል። ከሥር ያለው የቀለጠ ድንጋይ ሲወጣ ሆዱ ባዶ ይቀራል፣ ጣሪያው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የእኛው 30 በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ውስጡ ሆኖ ጠርዙን ማየት ያስቸግራል። ሰሜኑ በኩል ደግሞ ኮርቤቲ የሚባል ሌላ ካልዴራ አለ፤ ጨቢ የሚባለው ተራራ፣ ባልጩቱ በፀሐይ የሚያብረቀርቀው፣ እዚያ ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ የሚወጣበት ግን አይታይም፤ ቢሆንም ውኃው ጨው አልሆነም፣ በመሬት ውስጥ ሾልኮ ስለሚሄድ።

ልጁ ታቦር ተራራን አየ፤ ቀጥሎ ሐይቁን። «ይሄ ሁሉ ዓሣ ጉድጓድ ውስጥ ነው ማለት ነው?» አለ። ስለ ራሱ አልጠየቀም።

ለማስረጃ ከኪሴ ድንጋይ አወጣሁለት። ሰፈራችን ካለው ብሎኬት ማምረቻ ደጃፍ ያነሣኋት፣ ተረከዝ የምፍቅባት ናት፤ ግራጫ፣ እንደ እንጀራ ዓይን የበዛባት፣ ስትይዟት የሌለች ያህል የምትቀል። ገሞራው ሲተነፍስ አረፋው እንደደረቀ ነው። ውኃው ላይ ጣልኳት። ተንሳፈፈች።

ልጁ ሳቀ። ከአባ ኮዳዎቹ አንዱ ግን ተንደርድሮ ገባና ለቀም አደረጋት፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ሊውጣት ሞከረ፣ አሰበበት፣ ተፋት። ወደ ቦታው ተመልሶ ቆመ። ሾርባዬ በርዶ ነበር።