«ፕሮሰስ ላይ ነው»

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሠፈሬ ልጅ ቤቴ መጥታ አለቀሰች። እጮኛዋ አሜሪካ ነው። «ዜግነቴን እንዳገኘሁ እወስድሻለሁ» ካላት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ምን ደረሰ ብላ በጠየቀችው ቁጥር የሚመልስላት አንድ ነገር ነው፤ «ፕሮሰስ ላይ ነው።»

«እውነቱን ይሆን ወይስ እያታለለኝ?» አለችኝ።

ወዲያው አልመለስኩላትም። ምክንያቱም ይህንኑ ጥያቄ እኔም ጠይቄው ነበር። መልሱን ከማንም ሳልሰማ ራሴው ሰጠሁት፤ ተሳሳትኩም። እናም ዛሬ ለእሷም ለእናንተም የራሴን ላጫውታችሁ።

ሰውየውን ያወቅሁት በ2011 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። በ2006 ነሐሴ ላይ በዲቪ ሄዶ፣ ዋሽንግተን አካባቢ እየሠራ የሚኖር፣ ለሁለት ወር ቤተሰብ ሊጠይቅ የመጣ ልጅ ነበር። እኔ ያኔ 21 ዓመቴ ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። የተዋወቅነውም እዚያው ነው፤ ወረቀት ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ! ከመመለሱ በፊት ሽማግሌ ላከ፤ ቀለበት አሰርን።

እቅዳችን ቀላል ነበር። በእጮኛ ቪዛ ሰው መውሰድ የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለሚስቱ ማመልከት ይችላል፤ ለእጮኛው ግን አይችልም። ስለዚህ «አምስት ዓመቴ ሲሞላ ዜግነት አመለክታለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ አንቺን» ተባባልን። እዚሁ ተጋብተን በግሪን ካርዱ ቢያመለክትልኝስ ብሎ የጠየቀ ከሁለታችን አንድም ሰው አልነበረም። ሠርጉ እዚያ እንዲሆን ነበር የጓጓነው።

በ2012 ጥቅምት ላይ አመለከተ። አሻራ ሰጠ። ለኢንተርቪው ተቀጠረ። ታዲያ ቀጠሮው ሳይደርስ ኮሮና ደረሰ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ቢሮዎች እ.ኤ.አ. ከማርች 18 ቀን 2020 ጀምረው እስከ ጁን 4 ድረስ ለባለጉዳይ ዝግ ነበሩ። ይሄ እንግዲህ የማንም ጥፋት አይደለም። ኢንተርቪው የተደረገለት በ2013 ኅዳር ነው። በእሱ ጊዜ ፈተናው ከ100 ጥያቄዎች 10 ተጠይቆ 6 መመለስ ነበር። (እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን ከ128ቱ 20 ተጠይቆ 12 መመለስ ሆኗል።) አለፈ! ያን ዕለት እናቴ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ ጎረቤት ተጠራ።

እኔ ያላወቅሁት ነገር ነበር። የተሰጠው ወረቀት ሁለት ነገር ነው የሚለው፦ ፈተናውን አልፈሃል፤ ውሳኔ ግን ገና አልተሰጠም። ለእኔ የነገረኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን አለፋችሁ፣ ኑሮዬን በሙሉ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። የማታ ኮሌጅ ገብቼ አካውንቲንግ ልማር አስቤ ነበር። «ምን ያደርግልሻል? ሳትጨርሺው ትሄጂያለሽ» አለችኝ ጓደኛዬ። እውነቷን ነው ብዬ ተውኩት። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት «አንቺ ያዢልኝ» ቢለኝ «ኧረ እኔ ልሄድ ነው» አልኩት። ጫማዬ ሲያልቅ እንኳ «እዚያ እገዛለሁ» እል ነበር። በሠፈራችን ደግሞ ሰላምታው ተቀየረ። እንደምን አደርሽ ቀርቶ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ሆነ።

ወር ሄደ፣ ወር መጣ። «ምን ደረሰ?» ስለው «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይለኛል። «ምን ዓይነት ፕሮሰስ?» ስለው «ቆይ እነግርሻለሁ» ይላል። እዚያው አሜሪካ የምትኖር አንዲት ዘመዳችን በስልክ «ኢንተርቪው ያለፈ ሰው በወሩ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ይሄ ልጅ ሌላ ጉዳይ አለው» አለችኝ። እሷ የምታውቀው የራሷን ብቻ ነበር። እኔ ግን የሁሉም እንደዚያ መሰለኝ።

በ2013 ሐምሌ አንድ ማታ ደወልኩለትና «ውሸታም ነህ፤ እዚያ ሚስት አለችህ» ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። በማግስቱ ቀለበቱን ይዤ እናቱ ቤት ሄድኩ።

እናቱ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀለበቱን ሲያዩ ትሪውን ወደ ጎን አሉት። «ምነው ልጄ?» አሉኝ። የሆዴን ዘረገፍኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «አልነገረሽም እንዴ?» አሉ። «የልደት ወረቀቱን ሳስወጣ፣ ሳስመሰክር አይደል እንዴ የከረምኩት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የተወለደው በ1982 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ነው። ይህ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1989 ነው። በ2005 ዓ.ም. የዲቪ ፎርሙን የሞላለት የኢንተርኔት ካፌ ልጅ ግን ዝም ብሎ 8 ደምሮ 1990 ብሎ ጻፈለት። ፓስፖርቱም ግሪን ካርዱም በዚያው ወጣ። ለዜግነት ሲያመለክት «እውነቱን ላስተካክል» ብሎ 1989 ሞላ። በዚያ ላይ የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአንዱ ወረቀት ላይ በአንድ «ኤስ»፣ በሌላው በሁለት «ኤስ» ሆኖ ተገኘ። ኢንተርቪው ላይ «የትኛው ነህ?» ተባለ። ማስረጃ አምጣ ተባለ። ማስረጃውን ላከ። ከዚያ በኋላ ዝም!

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አልኳቸው።

«አፍሮ ነው ልጄ። የዕድሜ ነገር ስለሆነ አጭበርባሪ ነህ ትለኛለች ብሎ ፈራ» አሉኝ።

ቀለበቱ እጄ ላይ ነበር። መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ መክተት እችል ነበር። አልከተትኩትም። አፍሬ ይሁን ተናድጄ ዛሬም ድረስ አይገባኝም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ደወልኩለት። «አላመንሽኝም» አለኝ። «አልነገርከኝም» አልኩት። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። በዚያው ቀረ።

ዜግነቱን ያገኘው በ2014 ግንቦት ነው። ለ2015 ገና አዲስ አበባ መጥቶ ቡና ጠጣን። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል ይላል። እሱም የገባው በውጭ አገር ፓስፖርት ነበር። «ኤርፖርት ላይ እንግዳ ሆኜ ተሰለፍኩ» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አይመስልም። ከዚያ አንድ ነገር ነገረኝ።

በአሜሪካ ሕግ፣ ኢንተርቪው ከተደረገ በ120 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ አመልካቹ በሚኖርበት አካባቢ ላለው የፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ፍርድ ቤቱም ራሱ መወሰን ወይም «እንዲህ አድርጋችሁ ጨርሱ» ብሎ ወደ ቢሮው መመለስ ይችላል። እሱ ይሄን ከጠበቃ የሰማው በ2014 መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ጣቴ ላይ ቆጠርኩ። 120 ቀኑ የሞላው መጋቢት 2013 ነው። ቀለበቱን የመለስኩት ሐምሌ! አራት ወር ሙሉ መብቱ እጁ ላይ ነበር፤ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም፤ ስንጣላ ከረምን።

እንግዲህ ለሠፈሬ ልጅ ያልኳትን ለእናንተም ልበላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ከመጠርጠር በፊት ቁጥሩን መጠየቅ። ያመለከተ ሰው ሁሉ የደረሰኝ ቁጥር አለው፤ 3 የእንግሊዝኛ ፊደልና 10 አሃዝ ነው። ጉዳዩ የት እንደደረሰ በዚህ ቁጥር በኢንተርኔት ይታያል፤ አዲስ አበባ ሆኖም ይታያል። ሁሉንም አይነግራችሁም፤ ግን ማመልከቻ መኖሩን ይነግራችኋል። በእኔ ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ ውሸታም አልለውም ነበር።

ሁለተኛ፣ ፎርም የምትሞሉ ልጆች፣ ዲቪም ይሁን ሌላ፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 የተወለደ ሰው ላይ 7 ነው የሚደመረው፤ ከጃንዋሪ 1 ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የተወለደ ላይ 8። ስማችሁንና የአባታችሁን ስም በአንድ ዓይነት ፊደል ብቻ ጻፉ። ስህተት ካለ ኢንተርቪው ላይ እስኪጠየቅ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ከነማስረጃው አስረዱ። እዚያ ያላችሁ ደግሞ ቤት ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻችሁን አሳውቁ፤ አለዚያ ደብዳቤው የድሮው ቤት ይሄዳል። ዜግነት ሳታገኙ ከ6 ወር በላይ ከአገር ወጥታችሁ መቆየትም ጥያቄ ያስነሳል።

ሦስተኛ፣ 120 ቀኑ የሚቆጠረው ከኢንተርቪው እንጂ ካመለከቱበት ቀን አይደለም። ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ደግሞ ቀላል መንገድ አለ፤ የአካባቢያችሁ የኮንግረስ ተመራጭ ቢሮ። ፈርማችሁ ፈቃድ ከሰጣችሁት ስለ ጉዳያችሁ ይጠይቅላችኋል፤ ክፍያ የለውም። ፍርድ ቤት ግን ጠበቃ ሳታማክሩ አትሂዱ። እዚህ ተቀምጦ «ገንዘብ አምጪ፣ አፋጥንልሻለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣባችሁ፣ በሩን አሳዩት። እጁ እዚያ አይደርስም።

አራተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ የዘገየ ወረቀት ያሳፍራል ብላችሁ አትደብቁ። «ፕሮሰስ ላይ ነው» መልስ አይደለም። «ይሄን ጠየቁኝ፣ ይሄን ላክሁ፣ ይሄን እየጠበቅሁ ነው» ማለት መልስ ነው። ጠባቂዋም ብትሆን ከዘመድ ወሬ በፊት ሰውየውን አረጋግታ ትስማው። ስድብ ወረቀት አያፋጥንም፤ አይቼዋለሁ።

አዎ፣ ያ ሁለተኛው ሱቅ ለሌላ ልጅ ተሰጠ፤ ዛሬ የራሷ አድርጋዋለች። አልፎ አልፎ ጽሑፎቼን ኮፒ የማስደርገው እሷ ጋ ነው። ኮሌጁንም እስከ ዛሬ አልገባሁበትም። ይሄን ያደረገው የአሜሪካ ቢሮ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ፋይሉ እዚያ ተቀምጦ ሲጠብቅ እኔም እዚህ አብሬው ተቀመጥኩ።

ለሠፈሬ ልጅ በመጨረሻ ያልኳት ይሄን ነው። «ዛሬ ማታ በቁጣ ሳይሆን በወግ ቁጥሩን ጠይቂው። ነገ ጠዋት ደግሞ ምዝገባው ሳይዘጋ ኮሌጁ ሂጂ። ብትሄጂም የተማርሽው አብሮሽ ይሄዳል።»

ትናንት በሩ ላይ አገኘኋት። ቁጥሩን ልኮላታል። ከብብቷ ስር የምዝገባ ፎርም ይዛለች። የልደት ቀኗን በፈረንጅ እንድቆጥርላት ነበር የመጣችው።